ጀሶው ከኖራው በላይ ነው ከታች?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ጠይቀውኛል፦ እናንተ ጂኦሎጂስቶች የድንጋይን ዘመን፣ አንዱ ድንጋይ ሩቅ ካለው ሌላ ድንጋይ ጋር አንድ መሆኑንስ በምን ታውቃላችሁ? አንዱ ሾፌር ነው፣ አንዷ ተማሪ፣ አንዷ እናት። ስለ ከበሩ ድንጋዮች የጠየቃችሁኝ ለሚቀጥለው ወር ታገሡኝ። (ኦፓል አገኘን ብላችሁ ፎቶ የላካችሁልኝ አራት ሰዎች፣ የሦስታችሁ የጠርሙስ ስባሪ ነው። አዝናለሁ።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። አሁን ጎጃም መስመር ነው የምሠራው፣ ከዚያ በፊት መቀሌ መስመር ነበርኩ። ሁለቱም ጋ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ጂፕሰም (ጀሶ) ጭኜ አውቃለሁ። ዓባይ በረሃ ስወርድ የማየው ነጭ ገደልና መቀሌ ዙሪያ ያየሁት ነጭ ገደል አንድ ይመስለኛል። ረዳቴ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ አርፈህ ንዳ» ይለኛል። እውነት አንድ ናቸው? አንድ ከሆኑስ እናንተ በምን ታውቃላችሁ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ረዳትህን ተወው፣ ዓይንህ ጥሩ ነው። ነጩ ገደል ሁለቱም ጋ አንድ ነው። የምንጠራውም በአንድ ስም፣ አንታሎ የኖራ ድንጋይ ብለን ነው። የጫንከው ጂፕሰም ግን አንድ አይደለም። የዓባዩ ከኖራው በታች ነው፣ የመቀሌው ከኖራው በላይ። የመጀመሪያው ከተነጠፈ በኋላ ባሕር በደንብ ገብቶ፣ ሚሊዮኖች ዓመታት ተኝቶ፣ ሊወጣ ሲል ነው ሁለተኛው የተነጠፈው።

መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ድንጋዩን ግን አንዴ አብረን እንውረደው። ጎሃ ጽዮን ላይ ጥቁሩ ባዛልት ላይ ነህ። እሱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለዛሬ ጉዳያችን ክዳን ነው በለው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና ቀያይ የጭቃ ድንጋይ አለ። ቀጥሎ ነጩ ገደል ይመጣል፣ ወደ 400 ሜትር ውፍረት ያለው። ከዚያ ፍሬንህ መሽተት ሲጀምር ገደሉ ይለሰልሳል። አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ዳገቱ ይንሸራተታል፣ መንገድ ጠጋኞቹ ከዚያ አካባቢ አይጠፉም። ይህ የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን ነው፣ ፎርሜሽን የምንለው ከላዩና ከታቹ የሚለይ የድንጋይ ንብርብር ነው። ጂፕሰም፣ ሼል (በስሱ የሚላጥ የጭቃ ድንጋይ) እና ዶሎማይት (የኖራ ድንጋይ ዘመድ) እየተፈራረቁ ከ400 ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ውሃ ሲነካው የሚሟሟና የሚያሟልጭ ነገር በዝቶበት ነው መንገዱ የማይረጋው። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቀዩ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይቀበልሃል። ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ ያንኑ በተገላቢጦሽ ታየዋለህ።

ከላይ ወደ ታች ነገርኩህ እንጂ ድንጋዩ የተነጠፈው ከታች ወደ ላይ ነው። እኛም ስንጽፈው ከድልድዩ እንጀምራለን። አንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ በቀይና በነጭ የተቀባ ዱላ አለን። በዱላው እየለካን እንወጣለን። ቀለሙ ምንድን ነው? አሸዋው ሻካራ ነው ወይስ ልም? አሲድ ጠብ ሲልበት ይፈላል? ዛጎል አለው? ከላዩ ካለው ድንጋይ ጋር ድንበሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል ወይስ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው? ይህ ሁሉ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ቀኑን ሙሉ ለፍተህ 60 ሜትር ከጻፍክ ጥሩ ቀን ነው። የዓባይ በረሃን ሙቀት ለአንተ አልነግርህም።

ማዶን ከማዶ ማዛመድ ቀላል ነው። ደጀን በኩል ቆመህ የጎሃ ጽዮንን ገደል በዓይንህ ትከተለዋለህ። ከመቀሌ ጋር ማዛመድ ግን ሌላ ነው። በቀጥታ መስመር ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መካከሉን ደግሞ ባዛልቱ ሸፍኖታል። ተከትለህ አትሄድም። ስለዚህ እዚያም ሄደህ እንደገና በዱላ ትለካለህ። መቀሌ ዙሪያ ከታች ወደ ላይ ስትቆጥር አዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ አንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ አጉላ ሼል፣ ከዚያ አምባ አራዶም አሸዋ ድንጋይ ነው የምታገኘው። ጂፕሰሙ ያለው አጉላ ሼል ውስጥ ነው።

አሁን ሁለቱን ዝርዝሮች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሣላቸው። ኖራን ከኖራ ጋር በመስመር አገናኝ። ጂፕሰምን ከጂፕሰም ጋር አገናኝ። መስመሮቹ ኤክስ ሠርተው ይቆራረጣሉ። ይህ ሊሆን አይችልም፣ ደለል ተሻግሮ አይነጠፍም። አንዱ መስመር ውሸት ነው ማለት ነው። የትኛው? የጂፕሰሙ። ጂፕሰም ማንኛውም የባሕር ውሃ ተዘግቶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ሲተን የሚቀር ነገር ነው። ተመሳሳይ ሁኔታ በተፈጠረ ቁጥር ይፈጠራል። ስለዚህ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ኖራውም በራሱ ምስክር አይሆንም፣ ግን ውስጡ የሚናገሩ ነገሮች አሉ።

የሚናገሩት ቅሪተ አካላት ናቸው። አሞናይት የሚባለው ጥቅልል ዛጎል እንደ ልብ ቢገኝ ሥራችን ቀላል በሆነ። መልኩን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ ፍጡር ስለነበር ዘመኑን በደንብ ይለያል። የእኛ ኖራ ግን ጥልቀት የሌለው ባሕር ውስጥ ስለተሠራ አሞናይት ብርቅ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን በስሱ እንቆርጣለን፣ መስታወት ላይ እንለጥፋለን፣ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን እንፍቀዋለን። ያን ጊዜ ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ስታየው ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት ዛጎል ተጨናንቆበት ታገኛለህ። አንዱ ኩርኑቢያ ይባላል። ስሙ የመጣው ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ካለ ኩርኑብ ከሚባል ቦታ ነው። ከእስራኤል እስከ ዓባይ በረሃ አንድ ፍጡር ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ስታይ ባሕሩ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ይገባሃል። የአንታሎን ኖራ ዳይኖሰሮች በኖሩበት በጁራሲክ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የምናስቀምጠው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ምስክርነት ነው።

ይህ የተማረ ሰው ሥራ ብቻ እንዳይመስልህ። ድንጋይን በያዘው ቅሪተ አካል ማዛመድን ያስፋፋው ዊልያም ስሚዝ የሚባል የእንግሊዝ አንጥረኛ ልጅ ነው። የጀልባ ቦይ ቀያሽ ነበር። ቦይ ሲቆፈር እያየ፣ መንገድ ለመንገድ እየዞረ፣ እንደ አንተው ማለት ነው፣ በ1815 (ዓመቶቼ በፈረንጆቹ ናቸው) የአገሩን የድንጋይ ካርታ አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ በዕዳ ታሰረ። ሥራው እንጀራ የሚያበላ አለመሆኑ ያኔውኑ ታውቆ ነበር።

እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ እዚያው ደጀን በኩል ተዋርጃለሁ። ሁለት ሆነን ከታች እየለካን እንወጣለን። ጂፕሰሙና ሼሉ መሃል ስንደርስ ወፍራም ነጭ ኖራ አገኘን። 18 ሜትር። ዛጎል ሞልቶበታል። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ማንም ያልጻፈው ንብርብር! ደብተሩ ላይ «ሁለተኛው ኖራ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ማታ አስተማሪያችን ደብተሩን አይተው ምንም አላሉም። ጠዋት ይዘውን ወጡና ኮምፓሱን ሰጡኝ። «ዘመምታውን ለካ» አሉኝ። የዓባይ ንብርብር ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ። የእኔ ኖራ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ተራራው አዘምሟል። ያኔ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «ይሄማ ከላይ የመጣ ነው፣ አያቴ ሲወርድ ድምፁን ሰምቷል» አለ። ለካስ ከላይኛው ገደል ተንሸራቶ የወረደ ቁራጭ ኖሯል። አንዱን ኖራ ሁለቴ ቆጥሬው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱላ ከማንሣቴ በፊት የአካባቢውን ሰው እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልህና ልልቀቅህ። ለጭነት ስትቆም ድንጋዩን በጥፍርህ ፋቀው። ከተፋቀ ጂፕሰም ነው። ካልተፋቀ በብረት ጫር አድርገህ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርግበት። ቡልቅ ቡልቅ ካለ ኖራ ነው። ረዳትህም ይይልህ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ዕድሜው ስንት ነው» ለሚለው አንድ ቁጥር ጻፍኩ። ተሳስተሻል ተባልኩ። ጓደኛዬ ሌላ ቁጥር ጻፈ፣ እሱም ተሳስተሃል ተባለ። ታዲያ መልሱ ማን ጋ ነው? ደግሞ ለምንድን ነው አንዱ ንብርብር ሦስት ስም የሚኖረው? (ስሜን አትጻፉት)

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄው ነው የተሳሳተው ብዬ ከአስተማሪሽ ጋር ላጣላሽ አልፈልግም። ግን ትንሽ ተሳስቷል። ፎርሜሽን የድንጋይ ስም ነው፣ የዘመን ስም አይደለም። በዓይን ከላዩና ከታቹ የሚለይ፣ ካርታ ላይ ሊሣል የሚችል ድንጋይ ከሆነ ፎርሜሽን ይባላል። መቼ ተነጠፈ የሚለው ሌላ ሥራ ነው፣ በሌላ መሣሪያ የሚሠራ።

እንዲህ አስቢው። ክረምት አንድ ቀን ላይ አገሩን ሁሉ አይይዝም። ጅማ ላይ ጭቃው በሚያዝያ ይጀምራል። መቀሌ ላይ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ነው። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ቦት ጫማሽ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ወሩ ግን አንድ አይደለም። የጥንቱ ባሕርም የገባው እንደዚህ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦጋዴን በኩል ገብቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀስ እያለ ሄደ። ከፊቱ አሸዋ ነበር፣ ከኋላው ኖራ ይነጥፋል። ኦጋዴን ላይ ሃማንሌይ የሚባለው የኖራ ድንጋይ መሠራት ሲጀምር መቀሌ ገና የአሸዋ አገር ነበረች። መቀሌ ላይ ኖራው የጀመረው ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በሁለቱ መካከል ከአሥር ሚሊዮን ዓመት በላይ ልዩነት አለ። ስለዚህ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ዕድሜ ሲባል «የት ላይ?» ብለሽ መጠየቅ ነበረብሽ። በሚቀጥለው ፈተና እንዲህ ብለሽ ብትጽፊ ግማሽ ነጥብ ያሰጥሻል ብዬ አምናለሁ።

የዘመን ድንበር ሲሆን ግን ቀልድ የለም። ለምሳሌ የጁራሲክ መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል፣ ኦስትሪያ ውስጥ ኩህዮኽ የሚባል ተራራ ላይ። በ2010 ነው የጸደቀው። ምልክቱ የአንድ አሞናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ማለት ነው። የዓለም ጂኦሎጂስት ሁሉ ከዚያ ነጥብ ጋር ነው የሚያዛምደው።

ስሙን በተመለከተ፣ አዲግራትና አንታሎ የሚሉትን ስሞች ያወጣው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በ1868፣ በእኛ 1860 መሆኑ ነው፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሊዋጋ ወደ መቅደላ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር ተከትሎ የመጣ ጂኦሎጂስት። ሠራዊቱ የሰፈረበትን አገር ስም ለድንጋዩ እየሰጠ ሄደ ማለት ትችያለሽ። አዲግራት የሚለው ስም ከዚያ ተነሥቶ ዛሬ ኦጋዴንና ሶማሊያ ድረስ ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የራሱን ስም ጨመረ። ዓባይ ላይ ያለው ጂፕሰማም ንብርብር «የዓባይ ንብርብሮች» ይባል ነበር። በ1981 ጌታነህ አሰፋ በደንብ ለክተው፣ ወሰኑን አሳይተው፣ የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን አሉት። ቆሞ ለሚያየው ሰው ከየት እስከ የት እንደሆነ ስለሚያሳይ እኔ የኋለኛውን እመርጣለሁ። አሁንም «ታችኛው አሸዋ ድንጋይ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ታችኛው? ከምን በታች?

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ ትግራይ ለፊልድ ስትወጪ የሚጠብቅሽ። እንጢጮ አሸዋ ድንጋይ የሚባል አለ። ከአዲግራት በታች ነው የሚገኘው። በመካከላቸው ብዙ ቦታ ላይ የእዳጋ አርቢ የበረዶ ግግር ደለል ይገባል። አዎ፣ በረዶ። ትግራይ ላይ የበረዶ ግግር ነበር። ያ ደለል በጠፋበት ቦታ ግን ሁለቱ አሸዋ ድንጋዮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንድ ገደል ይመስላሉ። እንጢጮ ከ440 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። መጋጠሚያው ላይ እጅሽን ብታሳርፊ ከጣትሽ በላይና በታች ባለው ድንጋይ መካከል ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ጠፍቷል። እንጢጮ ላይ አርትሮፊከስ የሚባል የትል መሳይ ፍጥረት ዱካ ይገኛል፣ እንደ ተገመደ ገመድ ያለ። እሱን ካገኘሽ ድንበሩ ከበላይሽ ነው፣ ገና ውጪ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ «ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ መሆኑን ማን ነገራቸው? አጥንቷ ላይ ተጽፏል?» አለኝ። እኔም መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው። አጥንቷ ላይ አልተጻፈም። የተጻፈው አመዱ ላይ ነው።

እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በአንድ ጊዜ ሰፊ አገር ላይ ይወድቃል። ልጅሽ ደመራ አይቶ ከሆነ ይገባዋል። መስከረም 16 ማታ በየደብሩ ደመራ ይለኮሳል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለት የተራራቁ ሜዳዎች ላይ የደመራ አመድ ብትቆፍሪ፣ የሁለቱም ቀን ይታወቃል። (አንዳንድ አገር በ17 ንጋት ላይ እንደሚያበሩት አውቃለሁ። ለእኛ ሥራ የአንድ ሌሊት ልዩነት ምንም አይደለም።) ጭቃው ከቦታ ቦታ ወሩ ይለያያል፣ አመዱ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው። ከላይ ለተማሪዋ ከነገርኳት የተሻለ ምስክር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሉሲ በተገኘችበት፣ አፋር ውስጥ ባለው ሐዳር ላይ እንዲህ ያሉ የአመድ ንብርብሮች ብዙ አሉ። አመዱ ውስጥ ያሉ ክሪስታሎች የፖታሲየምና የአርጎን ሰዓት አላቸው፦ ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፣ የተጠራቀመውን ስንለካ ዕድሜውን እናውቃለን። ቃዳ ሐዳር የሚባለው አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተለካ። ሉሲ የተገኘችው ከዚያ አመድ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በላዩ ስለሆነች ከእሱ ትንሽ ታንሳለች።

ሌላው ደግሞ የአመዱ ብርጭቆ ነው፣ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ማለት ነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ የብረት፣ የካልሲየም፣ የታይታኒየም መጠን አለው፣ እንደ ወጥ ጨው በየቤቱ የሚለያይ። የዩታ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ብራውን ዕድሜውን ያሳለፈው ይህን መጠን ሲለካና ሲያዛምድ ነው። ሐዳር ላይ ሲዲ ሃኮማ የሚባል አመድ አለ፣ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከዚያ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቱርካና ሐይቅ ዳር ቱሉ ቦር የሚባል አመድ አለ። ለየብቻ ስም ወጥቶላቸው፣ በተለያዩ ሰዎች ተጽፈው ኖረዋል። ብርጭቆው ሲመረመር አንድ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ፍንዳታ የወጣ አንድ አመድ ነው። ስለዚህ ቱርካና ላይ ከቱሉ ቦር በታች የተገኘ አጥንት፣ ሐዳር ላይ ከሲዲ ሃኮማ በላይ ከተገኘ አጥንት ይበልጣል። ሉሲንም ይበልጣታል ማለት ነው። ማንም ሁለቱን አጥንቶች ጎን ለጎን ሳያስቀምጣቸው ይህን ማወቅ ይቻላል።

ለልጅሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። በ1972 ግሎማር ቻሌንጀር የምትባል መርከብ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ ጭቃ በረዥም ቱቦ ቆፍራ አውጥታ ነበር። ጭቃው መጋዘን ገባ። ከዓመታት በኋላ ሲመረመር ውስጡ ስስ የአመድ መስመር ተገኘ። ብርጭቆው ሲለካ ያው የሐዳሩ፣ ያው የቱርካናው አመድ ነው። ከቦታው ተነሥቶ፣ ነፋስ ይዞት፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ነበር።